ታዘዢ ያለኝ ቀን

ባለፈው ሰሞን ከማራኪ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ በስልክ ስብከት ያዳምጣሉ። ማዳመጫ ስላልነበራቸው ስብከቱ ለሁላችንም ደረሰን። ሰባኪው የሚናገረው ሚስት ለባሏ ስለ መታዘዟና የሴት እውነተኛ ጌጥ የልቧ ውበት ስለ መሆኑ ነው። ድምፁ ያምራል፤ ንግግሩም ይጥማል። ልጁ ጎኗን ነካ አድርጎ "ሰማሽ?" አላት። ልጅቱም "ሰምቻለሁ። ያንተ ክፍል እስኪደርስ እየጠበቅሁ ነው" አለችው።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ ረዳቱ ሳይቀር። እኔም ሳቅሁ፤ የእኔ ሳቅ ግን ሌሎቹ ካቆሙ በኋላም አላቆም አለኝ። ልጅቱ ዞር ብላ "እማማ፣ ምን ትዝ ብሎዎት ነው?" አለችኝ። መውረጃዬ ደርሶ ስለነበር ሳልመልስላት ወረድኩ። ትዝ ያለኝ ነገር በሁለት ፌርማታ የሚያልቅ አልነበረም።

ስሜ የሺ ነው። በመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪነት ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ባለቤቴ ቄስ ፈንታ ናቸው። "ናቸው" ያልኩት ለአንባቢ ብዬ ነው። ከዚህ በኋላ ግን እሱ እያልኩ ብጽፍ ይፈቀድልኝ፤ ታሪኩ ያለዚያ አይወጣልኝም፤ ለምን እንደሆነም ወረድ ሲል ይታያል።

የተወለድኩት ኮሶዬ ነው። ከደባርቁ መንገድ ወደ ታች ወርዶ፣ አንድ ወንዝ ተሻግሮ የሚገኝ መንደር ነበር የእኛ። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጉሙ አንዳንድ ቀን እስከ እኩለ ቀን ከደጃፍ አይነሳም። አባቴ ገብስና ድንች ያመርታል። ፈንታ ደግሞ የጎንደር ከተማ ልጅ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ ያደገ፣ ድምፀ መልካም ዲያቆን። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በተክሊል ማግባት አለበትና፣ አክስቱ ሚስት ፈልገው እኔን አገኙ። እኔ የማውቀው እንዲህ ነበር።

ሠርጌ ላይ የሆነውን አልረሳውም። አዘዞ የሚኖሩት እኚሁ አክስቱ ዓይነ ርግቤን ገለጥ አድርገው አዩኝ፤ መልሰው ሸፈኑኝና አጠገባቸው ለነበሩት ሴቶች "ዋናው እንግዲህ ውስጧ ነው" አሉ። ሴቶቹም "ውስጧ ነው እንጂ! የልብ ውበት ነው እንጂ!" እያሉ ተቀባበሏቸው። ሰው ፊትን አይቶ ስለ ውስጥ ማውራት ሲጀምር ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። አፍንጫዬ ትልቅ ነው፤ የአባቴ አፍንጫ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ውስጤን ሲያመሰግን እጄ ሳላውቀው ወደ አፍንጫዬ ይሄድ ነበር።

ስለ መታዘዝ ግን ቅሬታ አልነበረኝም። እናቴ "ባልሽን አንቱ በይ፤ ቃሉን አትመልሺ" ብላኛለች። የነፍስ አባታችንም በአባቶች ዘመን የነበሩት ቅዱሳት ሴቶች ባሎቻቸውን ጌታዬ እያሉ ይታዘዙ እንደነበር፣ ውበታቸውም ሹሩባና ወርቅ ሳይሆን የዋህነታቸው እንደነበር አስተምረውኛል። እኔም ነገሩን ከልቤ ነው የተቀበልኩት። ፈንታም ቢሆን የሚያስቸግር ባል አልነበረም። በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፍነው እየተፋፈርን ነው። እኔ "ይብሉ እንጂ" እላለሁ፤ እሱ ከሳህኑ ቀና ሳይል ይበላል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ። አንድም ቀን ይህን አድርጊ፣ ያን ተዪ ብሎኝ አያውቅም። ምናልባትም እንዴት እንደሚታዘዝ እንጂ እንዴት እንደሚያዝዝ ያስተማረው አልነበረም።

በመጀመሪያው ክረምት እናቴ ታማ እሷን ላስታምም ኮሶዬ ወጣሁ። ሐምሌ ሲጋመስ ተሻላት። ፈንታ ሊወስደኝ ዓርብ ማታ ከች አለ፤ ፊቱ በደስታ ያበራል። ጳጳሱ እሑድ ጎንደር ላይ ቅስና ሊሰጡ ነው፤ እሱም ከሚቀበሉት አንዱ ነው። ጓደኞቹ ሚስቶቻቸውን ይዘው እንደሚቀርቡና እኔም በዚያ ጠዋት እንድኖርለት እንደሚፈልግ ለእናቴ ነገራት፤ ለእኔ በቀጥታ መናገር አፍሮ ነው። በትከሻው ያንጠለጠላት ቦርሳ ውስጥ አዲስ ነጭ ቀሚስና ገና ያልተጠመጠመ ጥምጣም ነበረ። እናቴ እንዳታየው እየሰጋ፣ ግን እንድታየው ደግሞ እየፈለገ ከፈት አድርጎ አሳያት። እልል አለች፤ ከአልጋዋ ሳትነሳ።

ቅዳሜ ጠዋት የተቀቀለ ድንችና ዳቦ ቋጥረን ተነሣን። ጉሙ ከመንገዳችን ሦስት ክንድ ርቆ ይጀምራል። የረጠበ የገብስ ማሳ ይሸታል፤ መሬቱ ከጫማ ሥር ይንሸራተታል። እኛ ጋ ዝናብ አልነበረም፤ ከላይ፣ ከወንዙ ራስ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሮ ይጉረመረማል። ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ገና ሳናየው ሰማነው።

በበጋ ልጆች የሚዘሉት ወንዝ ነው። በዚያ ቀን ቀይ ሆኖ፣ ገለባና ቅርንጫፍ ተሸክሞ ይወርዳል። ከሥሩ ደግሞ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ይንገጫገጫል። አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የነገረኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ወንዝ ድንጋይ ሲያንከባልል ከሰማሽ ጥልቀቱን አትመርምሪ፣ ተቀመጪ።

"ይጎድላል። እዚህ ጥቂት እንቀመጥ" አልኩት።

"መቼ ነው የሚጎድለው?"

"ከላይ ካባራ፣ ወደ ማታ።"

"ወደ ማታማ መኪና አናገኝም። የሺ፣ ነገ እኮ ነው! በሌሊት መግባት አለብኝ።"

"ዛሬ የሚያሻግር ውሃ አይደለም። ድምፁን ይስሙት።"

ሰማው። ግን ምን ይሰማል? የከተማውን ወንዞች፣ ቀሃንና አንገረብን፣ ከድልድይ ላይ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ወዲያ ማዶ ያለችው መውጫ፣ ከእሷም በላይ ያለው የመኪና መንገድ ነው የሚታየው። ወዲህ ወዲያ ተመላለሰ። ዱላውን ውሃው ውስጥ ሰደደ፤ ውሃው ዱላውን ነጠቀው። ይህን ጊዜ ይተዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"ባልሽ ነኝ" አለ። "እንሻገራለን። ታዘዢ።"

አልጮኸም። ከመጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ነው የተናገረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት፤ ለእሱም ሳይከብደው አልቀረም።

እኔ ምን አሰብኩ? ይኸውና ፀጉሬ ነጭ ሆኖ እንኳ ሙሉውን አላወቅሁትም። እናቴን አሰብኩ፣ የነፍስ አባቴን አሰብኩ። ቃሉን ላልመልስ ቃል ገብቻለሁ። ደግሞም፣ ልደብቀው አልችልም፣ ንድድ ብሎኛል። እንሻገር ካሉ እሺ፣ እንግዲህ ይዩት ያልኩ ይመስለኛል። ታዛዥነትና ንዴት በአንድ ልብ ውስጥ ተቃቅፈው ሊቆሙ እንደሚችሉ ያወቅሁት ያኔ ነው። ኮንጎ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሁለት ጊዜ አዙሬ ቋጠርኩ። "እሺ" ብዬ ገባሁ።

ውሃው መጀመሪያ ጉልበቴን፣ ወዲያው ወገቤን ያዘኝ። ብርዱ ትንፋሼን ቀማኝ። አንድ ድንጋይ መጥቶ ቅልጥሜን መታኝ። ከኋላዬ የፈንታ ድምፅ ይሰማኛል፤ በቅዳሴ የማውቀው ድምፅ አይደለም፣ የሚያለቅስ ሕፃን ድምፅ ነው።

"ተመለሺ! የሺ፣ ተመለሺ! ተመለሺ!"

ይህንንም ልታዘዝ ፈልጌ ነበር። ውሃው ግን አሁን የሚታዘዘው ለራሱ ነው። እግሬ ከመሬት ተነሣ። ያን ጊዜ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ ጮህኩ፦

"ፈንታ! ያዘኝ!"

ይያዙኝ አላልኩም። ያዘኝ ነው ያልኩት።

ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ዘሎ ገባ። በአንድ እጁ ዳር ላይ የበቀለች የአኻያ ሥር ጨብጦ፣ በሌላው የነጠላዬን ጫፍ ያዘ። ቋጠሮው ባይጠብቅ ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። እንዴት እንደጎተተኝ እሱም አያስታውስም። ትዝ የሚለኝ ጭቃ ላይ በግንባሬ ተደፍቼ ውሃ ሳስመልስና ቦርሳው ከትከሻው ወልቆ፣ ነጭ ቀሚሱንና ጥምጣሙን እንደያዘ ጠመዝማዛውን ዞሮ ሲጠፋ ነው። እኔ ቦርሳውን አየሁ። እሱ አላየውም፤ የሚያየው እኔን ብቻ ነበር።

"ምነው?" አለኝ እንባውና ውሃው እየተቀላቀለ። "ምነው ገባሽ?"

"ታዘዢ ስላሉኝ።"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በጣም ቀስ ብሎ፣ "ቃሌ አንቺ ዘንድ ይህን ያህል ክብደት እንዳለው አላወቅሁም ነበር" አለ። "እንዲህ ከሆነ አፌን ጠብቄ ነው የምናገረው። እስክሞት ድረስ ጠብቄ ነው የምናገረው።" ከዚያም ፊቱን ገለጠና "ውሃው ውስጥ አንተ ብለሽኛል" አለ።

"ይቅር ይበሉኝ፤ ደንግጬ ነው።"

"አትመልሺው" አለ። "እንደዚያው ይሁን። በእግዜር፣ የሺ፣ እንደዚያው ይሁን።"

እዚያው እየተንቀጠቀጥን ሳለ በሬዎቹን ሲፈልግ ጩኸታችንን የሰማ አንድ ሽማግሌ ቁልቁል እየሮጠ መጣ። አያ ተገኘ ይባላል፤ ቤቱ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው። "ምነው ልጆቼ! ማን ነው በዚህ ውሃ ግቡ ያላችሁ?" አለን።

እኔ "ማንም" አልኩ። በዚያችው ቅጽበት ፈንታ "እኔ" አለ።

አያ ተገኘ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሱን አየ። ቤቱ ወሰደን። ሚስቱ እትዬ ውዴ የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝ፤ ፈንታ የሽማግሌውን አሮጌ ጋቢ ተከናንቦ እሳቱ ዳር ኩርምት አለ። የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ስለነበር የገብስ ገንፎ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ፈሶበት ቀረበልን። ያን የመሰለ ገንፎ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልበላሁም። ጣቴ እየተቃጠለ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ እበላለሁ። ፀጉሬ ተፈትቶ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

እትዬ ውዴ ትክ ብላ አየችኝና በአዘኔታ "ይቺ ልጅ ልቧ ሸጋ ነው፤ ያስታውቃል" አለች።

ያ ሁሉ የወራት ነገር ያን ጊዜ ፈነዳ። "እባክዎ እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ልቤን ይተዉልኝ!" ብዬ ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ ማልቀስ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ምን እንዳጠፋች ግራ ገባት። እኔ ወደ ፈንታ ዞርኩ። ከሞት የተመለሰ ሰው አፉ ይደፍራል።

"እስቲ እውነቱን ንገረኝ" አልኩት፤ አንተ ብዬ። "አንተም ስታየኝ ዋናው ውስጧ ነው እያልክ ነው የምትጽናናው?"

ፈንታ እሳቱን ቆሰቆሰ። ጆሮው ሁሉ ቀላ።

"አክስቴን የላክኋት እኔ ነኝ" አለ። "ከመጋባታችን በፊት ባለው ጥምቀት ጎንደር መጥታችሁ ነበር። ታቦቱ ሲያልፍ ከአባትሽ ጋር ቆመሽ ሸንኮራ ትበያለሽ። ጭማቂው በአገጭሽ ይወርዳል፤ በነጠላሽ ጠርገሽ ደግሞ ትገምጪያለሽ። ማሕሌቱ ጠፋብኝ። ጓደኛዬ ጎተተኝ። ያገባሁሽ ፊትሽን ብዬ ነው። ውስጥሽንማ ገና ዛሬ ማየቴ ነው፤ አየሁትና ፈራሁት።"

አያ ተገኘ ጉሮሮውን ጠራርጎ በሬዎቹን ሊያይ ወጣ። እትዬ ውዴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። እኔ እጄ አፍንጫዬ ላይ ነበር፤ አወረድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ምንም እንዳላደረገ ሰው ጸጥ ብሎ ይፈሳል። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን፤ ውሃው ጉልበታችንም አልደረሰ። ገብስ በጫነ የጭነት መኪና ጎንደር ስንገባ ቅዳሴው አልቆ፣ ጳጳሱ ሄደው፣ አዲሶቹ ቀሳውስት በየቤታቸው እየተጋበዙ ነበር። ወሬውም ቀድሞን ደርሷል። አክስትየዋ ከአዘዞ መጥተው በራችን ላይ ይጠብቁን ነበር። "ሚስቱ አስቀረችው እየተባለ ነው። አንቺ ነሽ አይደል?" አሉኝ። ፈንታ ከእኔ ፊት ቆመና "ያስቀረኝ አፌ ነው፤ እሷ ናት ቀድማኝ ገብታ ያተረፈችኝ" አላቸው። ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን ልጃቸው እንዲያ ሲናገር ሰምተው ስለማያውቁ ከበሩ ገለል አሉ።

እኛ የፈራነው ግን የኔታን ነበር፤ ለፈንታ አባትም አስተማሪም የሆኑትን ሽማግሌ መምህር። ለጳጳሱ ስሙን ያቀረቡት እሳቸው ናቸው፤ በሰው ፊት ያፈሩትም እሳቸው። ፈንታ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ አንዲት ነገር ሳይደብቅ ነገራቸው። ከዚያ እኔን አስጠሩኝ።

"አንቺስ ልጄ፣ ውሃው እንደሚወስድሽ አላወቅሽም?"

"አውቄ ነበር፣ የኔታ። ታዘዢ ተብዬ ነው ያደግሁት።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሐዋርያው ሚስትን ታዘዢ ብሏል፤ እውነት ነው" አሉ ለፈንታ። "ባልን ምን አለው? ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን እንደሰጠ፣ አንተም ስለ እሷ ራስህን ስጥ አለው። እንግዲህ አንተ ንገረኝ፤ ወንዙ ውስጥ መጀመሪያ መግባት የነበረበት ማን ነው?"

ፈንታ "እኔ" አለ፤ አንገቱን እንደደፋ።

እኔ መናገር አልነበረብኝም። ግን አፌ አላስቻለኝም። "የኔታ፣ ይቅርታዎን፤ ሁለታችንም ባንገባ ይሻል ነበር" አልኩ።

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ከዚያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው ብቅ ብቅ አሉ። "ይህች ሚስትህ ባትታዘዝህም ኖሮ ታድንህ ነበር" አሉት እንባቸውን እየጠረጉ። "ስለ መታዘዝ የምትሰብክበት ቀን ሲመጣ መጀመሪያ ይህን ወንዝ ንገራቸው። ሳትነግራቸው ብትሰብክ አልፈታህም።"

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ላይ ቅስናውን ተቀበለ፤ ጥምጣሙ የተውሶ ነበር። በዚያ ጠዋት እኔም እዚያው ነበርኩ። የኔታ ያዘዙትንም ይኸው እስከዛሬ ይፈጽማል፤ በሠርግ ላይ ስበክ በተባለ ቁጥር ወንዙን ያመጣዋል። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደርጋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ታዘዝኩ ወይ? አዎ፤ ብዙ ጊዜ። ከደባርቅ መንገድ ገባ ብሎ ወዳለ ብርዳም አጥቢያ በተመደበ ጊዜ እኔ ገና ማስተማር መጀመሬ ነበር። "እንሂድ" አላለኝም፤ "ምን ይመስልሻል?" ነው ያለኝ። ልቤ ጎንደር ላይ ተጣብቆ ነበር። ግን ያ ደብር ቄስ አጥቶ ተዘግቶ የከረመ መሆኑን፣ እሱም ስለዚያ ሲያስብ እንቅልፍ ማጣቱን አየሁ። ሥራዬን ትቼ ሄድኩ። ይህን መታዘዝ ብዬ ብጠራው አላፍርም፤ ቃሉን ጠልቼው አላውቅም። በኋላም ተመልሰን እኔ የማታ ትምህርት ስጀምር፣ ቄስ ፈንታ ሕፃን አዝሎ ሹሮ ሲያማስል ያየው ዲያቆን ለሰፈር አወራው። እሱም ታዘዘኝ ልበል? ሰው ፊት አልለውም። እዚህ ግን ይኸው ጻፍኩት።

አሁን ጉልበቱ ቅዳሴ አያስቆመውም። ልጃችን አዘዞ አዲስ ቤት ሠርታ አብራችሁኝ ኑሩ ትለናለች። ባለፈው እሑድ ቁርጡን ልትሰማ መጣች። እሱ "እናትሽ እንዳለች" አላት። እኔ "አባትሽ እንዳለ" አልኳት። ብዙ ቆየን እንዲህ።

"ማንኛችሁ ናችሁ በዚህ ቤት የምትወስኑት?" አለች በመጨረሻ፤ ተናዳ።

"እናትሽ እኮ እንሂድ ካልኳት ትሄዳለች" አላት ቄሱ። "ስለዚህ መሄድ መፈለጓን ሳላውቅ አልናገርም።"

"አንቺስ?"

"እኔም እሱ መፈለጉን ሳላውቅ አልናገርም።"

ቦርሳዋን አንሥታ "እንግዲያው ስትተዋወቁ ደውሉልኝ" ብላን ወጣች። እኛ በመስኮት እየሸኘናት ስቀን አላባራ አልን። አዘዞ እንሄድ ይሆናል፤ ላንሄድም እንችላለን። ከሁለት አንዱ ሲሆን ማን እንደወሰነው ግን ልጃችን ልታውቅ አትችልም። እኛም ብንሆን አናውቀውም።